የማን ካምቢዮ ነው

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔም እናቴም ታናሽ ወንድሜም ደህና ነን።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬን በሁለት መስመር ነው የመለሱልኝ፤ አንዱ «አድራሻዬን ማን ሰጠሽ?» ሌላው «የትኛዋ ልጅ ነሽ?» ይላል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ድምፁ ላልተሰማ ሰው ቁጥብ ነዎት። እሺ፣ በተራ ልመልስ። አድራሻዎን የሰጠኝ ሲሚንቶ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እናንተ ከተማ መንገድ ዳር ማርሽ አልገባ ብሎት ሲታገል አንድ ሽማግሌ ከበረንዳቸው ሳይነሱ፣ ድምፁን ብቻ ሰምተው «ሁለተኛው ጥርስ ጎድሎታል» እንዳሉት ሲያወራ ሰማሁት። ከእርስዎ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

የትኛዋ ልጅ ነሽ ላሉኝ ደግሞ፣ ዳዶ የዋጠችው ነኝ። ጋራዥዎና ቤታችን አንድ ግቢ ሳለ፣ የቁጥር አሥር ዳዶ ውጬ እናቴን ያስለቀስኳት። «አይዟችሁ፣ ሲወጣ እኔ እፈልገዋለሁ፣ መለዋወጫ በቀላሉ አይገኝም» ብለው እሷንም አሳቋት። ዛሬ የራሴ ቶርኖ ቤት አለኝ፤ ብረት እየቀረጽኩ እኖራለሁ። መዋጡን ግን ትቻለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። የአባቴን ሞተር ሳይክል ከሸራው ሥር አውጥቼዋለሁ፤ ያንን የእንግሊዝ ሞተር፣ እርስዎ «እመቤቲቱ» ይሉት የነበረውን። አባቴ የግድቡ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ከሞተ ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር። ሻንሲው ተጣሞ ነበር፣ አቀናሁት። ሞተሩን በልቶት የነበረውን ዝገት አውጥቼ መልሼ ገጥሜዋለሁ። የቀረኝ ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ ነው፤ እሱ ደግሞ ግራ አጋባኝ። የሞተሩም የሻንሲውም ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ካምቢዮው ላይ የተመታው ቁጥር ግን ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ወረቀት ለጥፌ፣ እርሳስ አሽቼበት፣ ቁጥሩን እንዳለ አንስቼ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ይህ ካምቢዮ የማን ነው? የአባቴ ሞተር ትክክለኛ ካምቢዮስ የትኛው ነው?

የቸኮልኩት ለወንድሜ ብዬ ነው። አባቴ ሲሞት እናቴ ሆድ ውስጥ የነበረው ልጅ አሁን ከበር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ጎረምሳ ሆኗል። ጥር 24 የድሮ ሞተሮች ማኅበር ሰልፍ አለ፤ ሰልፉ በዚያው በግድቡ ቁልቁለት ይወርዳል። በአባቴ ሞተር ካልወረድኩ ብሎ ምሏል። «ሌላው አባቱን ያውቃል፣ እኔ ሞተሩን ልወቅ» ሲለኝ ምን ልበለው?

ለእርስዎ እንደምጽፍ ለእናቴ ነገርኳት። «ደህና ሰው ነበር፣ ለምን እንደራቀን እንጃ» አለችኝ። ሰላም ትልዎታለች።

ልጅዎ ዳዶ


ጥቅምት 17 ቀን

ዳዶዬ፣

ጤና ይስጥሽ። እደጊ እንዳልልሽ አድገሻል።

«እርስዎ» የምትይው ማንን ነው? ዞር ብዬ አየሁ፣ ከኋላዬ ሰው የለም። ትከሻዬ ላይ ተፈናጠሽ ጆሮዬን እንደ መሪ ስትጠመዝዢው «አንተ» ነበርኩ።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ከማን ጋር ነው የምትኖረው ብለሽኝ ነበር፣ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ልጅ አልሰጠንም። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አልጋው ሥር ጥቂት ብረት አለኝ፤ ለአንድ ሽማግሌ ይበቃል። ስልክ አለህ ወይ ላልሽውም፣ በሰፈሩ ያለው አንድ ስልክ ነው፣ እሱም ባለ ሱቁ ጋ ነው። ስልክ አልወድም። ያላሰብኩትን ያናግረኛል።

የላክሽውን ወረቀት አየሁት። እርሳስሽ ደብዛዛ ነው፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ አሁን አዎ ወይም አይ ልልሽ አልችልም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እነዚህ ካምቢዮዎች ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። አንድ ፋብሪካ እየሠራ ለተለያዩ ሞተር ሠሪዎች ያከፋፍላቸው ነበር፤ ቅርፊቱ አንድ፣ አንጀቱ ሌላ። እናት እንኳ ብትሆን ትሳሳታለች። ከቁጥሩ ኋላ አንዲት የእንግሊዝ ፊደል ትኖራለች፤ ዝገቱን በጋዝ አጥበሽ ምን እንደምትመስል ጻፊልኝ። ካቴናው የሚዞርበትን የትንሹን ክብ ጥርሶችም ቁጠሪልኝ። ሁለት ጊዜ ቁጠሪ።

እስከዚያው ሞተሩ አይነሳ። ሸራውን መልሰሽ አልብሺው። ሃያ አራት ዓመት የቆየ ነገር ለሁለት ሳምንት አይቸኩልም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።

እናትሽ ያን ዕለት ጠዋት ምን ታስታውሳለች? ተይው፣ አልጠየቅሁም። መስመሩን ልሰርዘው ነበር፣ ወረቀት ማበላሸት ስለማልወድ ነው የተውኩት።

ጋሼ


ኅዳር 2 ቀን

ለጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የ«እርስዎ»ን ነገር ሞክሬው ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። ይታገሱኝ።

ጥርሱ አሥራ ዘጠኝ ነው። ሁለቴ ቁጠሪ ስላሉኝ ሦስቴ ቆጠርኩ። ፊደሏ የፈረስ ኮቴ ትመስላለች፤ አፏ ወደ ላይ የተከፈተ። ቁጥሩን ደግሞ በወፍራም እርሳስ አንስቼ ልኬዋለሁ፣ አሁን ዓይኔ ነው የሚል ምክንያት የለዎትም።

ቶርኖ ቤቴ መጥተው ቢያዩት ደስ ይልዎት ነበር። የእርስዎን ደንብ ነው የምሠራበት። ያላለቀ ሥራ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፤ ቀይ ጨርቅ ያየ ሰው ሳይጠይቅ አያስነሳም፣ ጨርቁንም የሚፈታው ያሰረው ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ጋራዥ ባለ ሀብትም ይምጣ ሹም ይምጣ ያንን ጨርቅ አይቶ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲጠብቅ ነው ያደግኩት። አንድ ሠራተኛዬ ጨርቅ የታሰረበትን ማሽን አስነስቶ አውራ ጣቱን ሊያጣ ነበር፤ እስከ ዛሬ አላናግረውም።

እናቴ ያን ጠዋት ምን ታስታውሳለች ላሉት፣ ያልሰረዙትን ጥያቄ ማለቴ ነው፣ ሁሉንም ታስታውሳለች። ለሚወለደው ልጅ በሚወጣው ስም ተጣልተው ነበር። ስም! አባቴ ቁርሱን ትቶ ተነሳ። ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ማድረስ ነበረበት፣ ግን ከሰዓቱ በፊት ነው የወጣው። እናቴን ያውቋታል፤ ሰው ከቤት ሲወጣ «መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ» ሳትል አታሳልፍም። ያን ዕለት ብቻ አፏን ዘጋች። አሁን ጎረቤት ጨው ለመዋስ ለሚሄድ ሰው እንኳ ሳትል አትቀርም፤ ሲስቁባትም ግድ የላትም። ተናድዶ ስለወጣ በፍጥነት ነዳ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ ነው የምታምነው። ከአንዴም ሁለቴ በሕልሟ ስትመርቀው ሰምቻታለሁ።

ስለዚህ ሞተሩ ሲነሳ ማየት ለእሷም ይበጃታል ብዬ አስባለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ? ካምቢዮው የማን ነው?

ዳዶ


ኅዳር 14 ቀን

ዳዶዬ፣

ከሞተር በፊት በሹፌሩ አፍ የላክሽብኝን፣ ለምን ከከተማው ወጣህ ያልሽውን ልመልስ። ከከተማው የወጣሁት አየሩ ስላልተስማማኝ ነው። ሹፌሩ ይህን ስነግረው ሳቀ፤ የዚህ አየር ከዚያኛው ይብሳል አለ። ይሳቅ። ሆድ ይፍጀው የሚባል ነገር አለ፣ አንቺም ተይው።

ካምቢዮው ልክ ነው። የሞተሩ የራሱ ነው። ቁጥሩ ያልገጠመው ፋብሪካው አንዳንዴ ስለሚያደባልቅ ነው፤ ብዙ አይቻለሁ። አትልፊ።

ነገር ግን አርጅቷል። ሳይመረመር መንገድ አይወጣም። ፍቺና በሹፌሩ ላኪልኝ፤ አይቼ፣ ጠግኜ እመልስልሻለሁ። ለጥር ካልደረሰ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል፤ ሰልፍ በየዓመቱ አለ፣ ወንድም ግን በየዓመቱ አይወለድም። ልጁን በግድቡ ቁልቁለት አታስወርጂው። ሜዳ ለሜዳ ይንዳ። በማንም ሞተር ይሁን በዚያ ቁልቁለት አይውረድ።

የእናትሽን ነገር አነበብኩት። ሰው በቁጣ አይወድቅም በያት። እንዲያውም የተናደደ ሰው ነቅቶ ነው የሚነዳ። ከየት ታውቃለህ ካለችሽ ሽማግሌ ያውቃል በያት።

በድርቅና አትመልሺልኝ። ካምቢዮውን ላኪው።

ጋሼ


ኅዳር 29 ቀን

ለጋሼ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ተቆጥቻለሁ።

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ከወንበር መጽሐፍ ይበዛል። የፋብሪካው የቁጥር መዝገብ አላቸው። የፈረስ ኮቴ ያለበት ካምቢዮ በአባቴ ሞተር ላይ ተገጥሞ እንደማያውቅ በጣታቸው እየጠቆሙ አሳዩኝ። የአባቴ ሞተር ካምቢዮ ፊደሉ መሰላል ይመስላል፣ ጥርሱም ሃያ አንድ ነው። ይህን እርስዎ አያውቁትም? በድምፅ ብቻ የጎደለ ጥርስ የሚያውቅ ሰው አሥራ ዘጠኝና ሃያ አንድ ጠፋው?

ዋሽተውኛል። ለምን እንደዋሹኝ ነው ያልገባኝ። አባቴ ከሰው የወሰደው ነው? የተሰረቀ ነው? ቢሆንም ይንገሩኝ፣ አልደነግጥም። ከዚህ የባሰ ግን እያሰብኩ ነው፤ የማስበውንም ወረቀት ላይ ማስፈር አልፈልግም። «ሰው በቁጣ አይወድቅም» ያሉትን ለእናቴ ነገርኳት። የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠችና «እሱ ምን ያውቃል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ደብዳቤ መጣ ወይ ትለኛለች።

ካምቢዮውን ላኪ ላሉኝ፣ አልክም። ሞተሩ ከትናንት ወዲያ ተነሳ። ግቢው በጭስ ሲሞላ እናቴ በሩን ዘግታ ውስጥ ተቀመጠች፣ ወንድሜ ግን እንደ ሕፃን ነው የጨፈረው። ሊቀመንበሩ ባዋሱት ሞተር ነው የለመደው፤ በዚያኛው ፔዳሉ ሲጫን ማርሽ ይጨምራል፣ በዚህኛው ሲጫን ይቀንሳል። የተገላቢጦሽ ነው ብሎ ሳቀ። ሁለት ቀን ከነዳሁት እለምደዋለሁ ይላል። ትክክለኛው እስኪገኝ በዚሁ ይሂድ ብለናል።

እርስዎ ቢመልሱም ባይመልሱም ጥር 24 ይወርዳል።

ዳዶ


ታኅሣሥ 9 ቀን፣ በቴሌግራም

ሞተሩ አይነሳ። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሪ። ደብዳቤና ካምቢዮ በሹፌሩ ይመጣል። ጋሼ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ዳዶዬ፣

ቴሌግራሙን ልኬ መመለሴ ነው። የቴሌግራም ጸሐፊዋ ቀይ ጨርቅ የሚለውን ሁለቴ አስደገመችኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው፤ ቃጠሎው የሃያ አራት ዓመት መሆኑን ለእሷ አልነገርኳትም።

ዋሽቼሻለሁ። ያ ካምቢዮ የአባትሽ አይደለም። የገጠምኩት እኔ ነኝ።

አባትሽ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው የሞተሩ ሦስተኛ ማርሽ ተሰበረ። መለዋወጫው እስኪመጣ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ፣ ጋራዥ ከቆመ ከአንድ የተጋጨ ሞተር ላይ መንትያውን አውጥቼ ገጠምኩለት። ቅርፊቱ አንድ ስለሆነ እንደ ራሱ ቁጭ አለ። አንጀቱ ግን ወንድምሽ እንዳለው ነው፣ የተገላቢጦሽ። በአባትሽ ካምቢዮ ማርሽ ለመቀነስ ፔዳሉን በእግር ጣት ወደ ላይ ማንሳት ነው። በዚህኛው ያነሳ ሰው ይጨምራል። መላ አለው፤ የፔዳሉን ክንድ ገልብጦ ማሰር ብቻ ነው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ። እሱን ልጀምር ስል መብራት ጠፋ። ለጠዋት አሳደርኩት።

ቀይ ጨርቁን ማሰር ረሳሁ። ጠዋት ደግሞ አርፍጄ መጣሁ። አባትሽ ጨርቅ ካላየ ሥራው አልቋል ብሎ ነው፤ ደንቡን እንደ አባታችን ሆይ ነበር የሚያውቀው። አስነስቶ ሄደ። ከግቢ ሳይወጣ ፔዳሉ እንደተገላበጠ ሳይገባው አልቀረም፣ ጎበዝ ነጂ ነበር። ግን ጭንቅላት ያወቀውን እግር አያውቅም። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ነገር ፊቱ ድቅን ሲልበት እግሩ የአሥራ አምስት ዓመት ልማዱን ሠራ። ልቀንስ ብሎ ጨመረ። ሞተሩ አፈተለከ። ወድቆ ከተገኘ በኋላ ካምቢዮውን ሄጄ አየሁት፤ ማርሹ አራተኛ ላይ ነበር። በዚያ ኩርባ በአራተኛ የሚወርድ እብድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እብድ አልነበረም።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እናትሽ ራሷን ስትከስስ ቀብር ላይ ሰምቻለሁ፤ ሰምቼ ዝም አልኩ። ለምን ካልሽኝ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልጊ፣ የለም።

ትክክለኛውን ካምቢዮ በሹፌሩ ልኬዋለሁ። ፊደሉ መሰላል፣ ጥርሱ ሃያ አንድ ነው። መለዋወጫው ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ማን ይነዳበታል ሳልል ሠራሁት። እስከ ዛሬ አልጋዬ ሥር ነበር፤ በየዓመቱ ዘይት እቀይርለታለሁ። ገጥመሽ ልጁ ይንዳው፣ እሱ አይከዳውም።

ደብዳቤዬን ለእናትሽ አንብቢላት። አንዲት ቃል አትዝለዪ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የእሷ አይደለም። በዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ በቀር ጥፋተኛ አልነበረም።

ጋሼ


ጥር 8 ቀን

ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ወንድሜ በእጁ ይሰጥሃል። «እርስዎ» ማለት ትቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስታነብ ይገባሃል።

ቴሌግራምህ የደረሰ ዕለት ሞተሩ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ወንድሜ ቁልቁለቱን ልሞክረው ብሎ ሳይነግረኝ ወጥቶ ነበር። ወረቀቱን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ምን ይላል አለችኝ፤ ምንም አልኳት። አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። ሞተሩን እየገፋ መጣ። ሱሪው ተቀዷል፣ ጉልበቱ ተልጧል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። አሸዋ ላይ ነው የወደቀው፤ አንድ ክንድ አልፎ ቢሆን ገደል ነበር። «እኔ አይደለሁም፣ እግሬ ነው» አለኝ። «ልቀንስ ብዬ ጨመርኩት።»

ያኔ እንዳልከው ልሰር ብዬ ቀይ ጨርቅ ፍለጋ ገባሁ። ቶርኖ ቤት ያሉት ሁሉ ሥራ ላይ የታሰሩ ነበሩ። የእናቴን ሳጥን ከፈትኩ። ከታች፣ ከሕፃንነት ልብሴ ጋር፣ ከካልሲ የተሠራችው አሻንጉሊቴ ነበረች። አንገቷ ላይ ቀይ ሻሽ አለ። ጠርዙ የብየዳ እሳት የለበለበው ነው፤ ጫፉ ላይ ንፋስ እንዳይፈታው የምታስርበት ቀጭን ሽቦ አለ። ካንተ በቀር በጨርቅ ላይ ሽቦ የሚያስር ሰው አላውቅም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም መጣልኝ። አባቴና እናቴ ሲጯጯሁ ፈርቼ ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ብርድ ነበር፣ የአሻንጉሊቷ አንገት ባዶ ነበር። ቀይ ጨርቅህን ከአባቴ ሞተር እጀታ ላይ ወሰድኩት፤ ሽቦውን የፈታሁት በጥርሴ ነው። ብረት አፌ ውስጥ ማስገባት ልማዴ እንደነበር አንተም ታውቃለህ።

ደብዳቤህ ከዚያ በአሥራ አንድ ቀን ደረሰ። «ቀይ ጨርቁን ማሰር ረሳሁ» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንተ ጨርቅ ረስተህ አታውቅም። ያን ጠዋት በሩ ላይ ቆመህ ሞተሩ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየህ፣ ከዚያ እኔን አየህ፣ ከዚያ አሻንጉሊቷን። ምን ሆነሃል አልኩህ። «ቆንጆ ሻሽ አልብሰሻታል» አልከኝ። ጨርቅህንም አልቀማኸኝም።

ለእናቴ አንዲት ቃል ሳልዘል አነበብኩላት፣ እንዳልከው። እንደገና አንብቢው አለችኝ። ሁለተኛውን ስጨርስ «እኔ አይደለሁም ማለት ነው?» አለች። አይደለሽም አልኳት። እናቴን እንደዚያ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ከአንጀት ነው። ስትጨርስ ግን ባንተ ላይ መጣች። ሃያ አራት ዓመት! አለች፤ ዓይኑን እንዳላይ፣ ስሙ ቤቴ እንዳይነሳ አለች። እኔ እዚያው አጠገቧ ነበርኩ። እውነቱ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። እሷ ነፃ የወጣችው ያን ዕለት ነው፣ በማግስቱ ሌላ ሸክም ላሸክማት? ወይስ ይህን የምለው ለራሴ ፈርቼ ነው? አላውቅም ጋሼ። ሌላ ምክንያት አትፈልጊ ያልከኝ ነገር ግን አሁን ገብቶኛል። ተሸክመኸው የኖርከው እኔን ነው።

ትክክለኛውን ካምቢዮ ገጠምኩት። ከሰልፉ በፊት ወንድሜ ወዳንተ ልሂድ ብሎ ተነሳ። ደብዳቤህን አንብቦታል፣ ምን ሊልህ እንደሚመጣ አልነገረኝም፣ ፊቱ ግን ደስ አይልም። እናቴ ላንተ መልእክት የለኝም ብላ፣ እሱን ግን በር ድረስ ሸኝታ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ አለችው።

ጨርቁን እጀታው ላይ አስሬዋለሁ፣ ያንኑ ሽቦ፣ ያንኑ ቀይ። ሲነዳ ንፋስ ያውለበልበዋል። ስለ ጨርቁ ሳትጠይቀው ተመልሰህ እንዳትነሳ ብዬ አስምዬዋለሁ። እኔ ለመናገር አቅም አጣሁ፤ አንተ ንገረው። እንዳለ ንገረው። ከዚያ ለእናቴ እሱ ይንገራት፣ ወይም አይንገራት። እኔ ቤት ነኝ፣ የትም አልሄድም።

ዳዶ


ጥር 11 ቀን

ዳዶዬ፣

ወንድምሽ ትናንት ከቀትር በኋላ ደረሰ። ሳላየው በፊት ሰማሁት። ከዳገቱ ማዶ ሦስተኛን ወደ ሁለተኛ ሲቀንስ አንዲት ጥርስ ሳትፋጭ ማርሹ ገባ። አባትሽ የመጣ መስሎኝ ከበረንዳው ተነሳሁ። መልኩ ደግሞ ጭራሽ ቁርጥ እሱ ነው፣ ይህን አልነገርሽኝም ነበር።

ሰላም አላለኝም። ሞተሩን አጠፋና እንደቆመ አየኝ። ሊመታኝ የመጣ መሰለኝ፤ ቢመታኝም እጄን አላነሳም ነበር። ደብዳቤሽን ሰጠኝ፣ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ቆይቶ ወደ እጀታው ጠቆመና «እህቴ ይህን ሳልጠይቅ እንዳልነሳ አስምላኛለች። ምንድን ነው?» አለኝ።

ሄጄ ፈታሁት። መጀመሪያ ያሰረው ሰው ነው የሚፈታው። ሽቦው ጫፍ ላይ የጥርስ ምልክት አለ፣ ቅንጣት የምታህል፤ የወተት ጥርስ ነው። ብዙ ትኩር ብዬ አይቼው መሆን አለበት፣ ልጁ ምነው አለኝ። ካቴናውን ነክቼ እጄ ዘይት ሆኖ ነበር። በጨርቁ ጠረግኩት።

«ጨርቅ ነው» አልኩት። «ሲፈታ ሥራው አልቋል፣ መንዳት ትችላለህ ማለት ነው።»

ራት አብረን በላን። ጠዋት ሊነሳ ሲል ካምቢዮው ውስጥ በየዓመቱ ዘይት የምትቀይረው ለምን ነበር አለኝ። እንዳይዝግ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ። ጥር 24 በቁልቁለቱ ይውረድ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ካምቢዮው የራሱ ነው።

ንገረው ያልሽኝን አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። የጋራዡን በር ሳልቆልፍ የሄድኩት እኔ፣ ያረፈድኩት እኔ፣ መብራት ሲጠፋ ፋኖስ ፈልጌ ግማሽ ሰዓት መሥራት የሰነፍኩት እኔ። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ የአሻንጉሊቷን አንገት ከብርድ ሸፈነች፤ ለዚህ ማንም አይጠየቅም። እናትሽ ስሜ አይነሳ ካለች አይነሳ። ስትረግመኝ ዝም በያት፣ እርግማኗ እኔን አልፎ ወደ ማንም አይሄድም።

አንቺ ግን ዝም ማለት አንድ ቀን ካቃተሽ ለሌላ ለማንም አትጻፊ፣ ለእኔ ጻፊ። እመልስልሻለሁ፣ ከሁለት መስመር በላይ።

ጨርቁን አልመለስኩልሽም። የእኔ ነው።

ጋሼ